ከወረቀቱ በፊት አንደበቱ
(ለደጋፊዎች ከቀረበ ንግግር)



ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አንድ ወጣት ሙያ ይዞ ራሱን እንዲችል ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ። ከሚደርሷችሁም ጥያቄዎች አንዱ፣ «በሆቴል ወይም በአስጎብኚነት ልሠራ ነውና ለእንግሊዝኛ ፈተና ክፈሉልኝ» የሚል ነው። ጥያቄው ቅን ነው። ነገር ግን የፈተናው ዓይነት ብዙ፣ ክፍያውም ለአንድ ደሀ ቤተሰብ ከባድ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ፣ በ2021 ደግሞ ጦርነቱ እንደ ላሊበላ ባሉ ከተሞች በእንግዳ የሚተዳደረውን ቤት ሁሉ እንዳራቆተ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ፣ ወይም ለእንዲህ ያለ ቤት የተሰጠ ገንዘብ በከንቱ እንዳይፈስስ፣ ከመክፈላችን በፊት ልናውቀው የሚገባንን በአጭሩ ላቅርብ።

በመጀመሪያ ፈተናዎቹን እንመልከት። ቶይክ የሚባለው ፈተና በ1979 በጃፓን አገር የተጀመረ፣ ለሥራ ቦታ እንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። እጅግ የታወቀው ክፍሉ 200 ጥያቄዎች አሉት፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከ10 እስከ 990 ነጥብ ያሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ ክፍል የሚመዝነው ማዳመጥንና ማንበብን ብቻ ነው። የመናገርና የመጻፍ ፈተናው በ2006 ለብቻው የመጣ በመሆኑ፣ ለእርሱ ያልተመዘገበ ሰው አንዲት ቃል ሳይናገር ጥሩ ውጤት ይዞ ሊወጣ ይችላል። በ1989 የተጀመረው አይኤልትስ ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን ይመዝናል፤ ነገር ግን በይበልጥ የሚጠየቀው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያና ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ነው፤ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚታመነው ለሁለት ዓመት ነው። የካምብሪጅ የምስክር ወረቀቶች ግን የሚያበቁበት ቀን የላቸውም።

እነዚህን ሁሉ ለማነጻጸር የሚረዳ መለኪያ አለ። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው ሲሆን፣ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃዎች አሉት። ቢ1 የደረሰ ሰው በጉዞ ላይ የሚያጋጥመውን አብዛኛውን ነገር በቋንቋው ሊወጣው ይችላል። እንደ እኔ አስተያየት አንድ አስተናጋጅ ከዚህ ዝቅ ብሎ ሥራ ሊጀምር ይችላል። አስጎብኚ ግን ከዚህ ከፍ ማለት አለበት፤ የእርሱ ሥራ ማስረዳት፣ ያልታሰበ ጥያቄም መመለስ ነውና። በላሊበላ ስለ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተጠና ንግግር በቃሉ የሚወጣ ልጅ፣ ጐብኚው «በላያቸው የተዘረጋው ይህ ትልቅ ጣራ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ መጠለያው በ2008 እንደ ተሠራና ድንጋዩን ከዝናብ ለመከላከል እንደ ሆነ በራሱ ቃል መናገር ካልቻለ፣ ንግግሩ ሁሉ እዚያው ይቆማል።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቃል። በሌላ አገር የተዘጋጀ ፈተና፣ አማርኛ ተናጋሪው የሚሰናከልባቸውን ስፍራዎች ለይቶ አይጠይቅም። ጥቂቶቹን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ሰዓታችን። «ነገ በሁለት ሰዓት እንነሣለን» የምንለውን አንድ ወጣት ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው፣ ጐብኚው ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ በእርሱ አቈጣጠር መነሻው ከጧቱ ስምንት ሰዓት ነበርና። በዚህ አውሮፕላን ሊያመልጥ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዘመን አቈጣጠራችን። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አስጎብኚው ይህንኑ ዓመት ሳያስተካክል ቢናገር፣ እንግዳው 1974 የሆነውን ነገር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ይመዘግባል።

ሦስተኛ፣ አክብሮት። በአማርኛ «ጫማዎን ያውልቁ» ስንል አክብሮቱ በግሡ ውስጥ አለ። ያንኑ በእንግሊዝኛ «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ብለን ብቻ ብንተው፣ የወታደር ትእዛዝ ይመስላል። በዚያ ቋንቋ አክብሮት የሚገለጠው «ፕሊስ» እና «ኩድ ዩ» በመሳሰሉት ቃላት ነው። ሰው አክባሪ ሆኖ ያደገ ልጅ በዚህ ምክንያት ባለጌ ተብሎ ሲታማ ያሳዝናል።

አራተኛው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ኦቾሎኒ ሰውነቱ የማይቀበለው እንግዳ «ኦቾሎኒ የለበትም አይደል?» ብሎ ይጠይቃል እንበል። በእኛ ልማድ ካለበት «አይ፣ አለበት» እንላለን። አስተናጋጁ ከዚህ «ኖ» የምትለውን ብቻ ቢመልስ፣ እንግዳው «የለበትም» ብሎ ይረዳና ይበላል። ሞት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አስተናጋጅ «ዬስ» ወይም «ኖ» ብሎ እንዳያቆም፣ «ኦቾሎኒ አለበት» ወይም «ኦቾሎኒ የለበትም» ብሎ ሙሉውን እንዲናገር፣ ካላወቀም ወጥ ቤቱን ጠይቆ እንዲመለስ መሠልጠን አለበት። ስላልገባው ነገር በትሕትና ራሱን እየነቀነቀ እሺ ማለት ጨዋነት አይደለም።

ይህን ስል የምስክር ወረቀት አይረባም ማለቴ አይደለም። ቀጣሪው ሰውየውን ሳያውቀው በሩን የሚከፍትለት ወረቀቱ ነው። በተለይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆቴል ሥራ ለሚፈልግ ልጅ፣ በታወቀ ድርጅት የተሰጠ ውጤት ስለ እርሱ ይመሰክርለታል። በአገር ውስጥ ለሚሠራ ግን ቀዳሚው የሙያ ብቃት ምዘናው፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው፣ ሊሆን ይችላል። በ1969 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ እንደ ተቋቋመው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ባሉ ስፍራዎች ሙያውን መማርም አንዱ መንገድ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄው ሲደርሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። ቀጣሪው የጠየቀው የትኛውን ፈተና ነው፤ በጽሑፍ አሳይቷልን? ፈተናው መናገርን ይጨምራልን? ውጤቱስ እስከ መቼ ይታመናል? ልጁ የልምምድ ፈተና ወስዶ ምን አገኘ? ከፈተናው ክፍያ ሌላ የጉዞና የማደሪያ ወጪው ስንት ነው?

የልምምዱ ውጤት ዝቅተኛ ከሆነ፣ ለፈተና ያሰባችሁትን ገንዘብ በመጀመሪያ ለጥቂት ወራት የንግግር ትምህርት አውሉት። እንግሊዝኛ የምትችሉም ከሆናችሁ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ እንደ እንግዳ ጠይቁት፤ ስለ ሂሳቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ምግቡ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ቃሉን ያውቀዋል፤ የጐደለው የሚያነጋግረው ሰው ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለፈተናው ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሥራ ግን ያዘጋጀዋል።