ድንበር ገፊ ዕጢና ድንበር አክባሪ ዕጢ

(በተማሮች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ዐይነት አስተያየት ሰምቻለሁ። አንዱ፥ «ይህ ለሐኪሞች ብቻ የሚሆን ነገር ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል፤ «የወሎ ገበሬ ልጅ ሆነህ፥ አገርህ ንጹሕ ውሃና ክኒን ቸግሮት ሳለ ስለ ጂን ማውራት ምን አስቀበጠህ?» ይላል። ለመጀመሪያው መልሴ ነገሩን በተቻለኝ መጠን በአማርኛ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ግን ተገቢ ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ እስከዚያው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ። በቋንቋችን «ዕጢ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። በተፈጥሮ ሆርሞን የሚያመነጨውን የሰውነት ክፍልም፥ ያለ ቦታው የበቀለውንም በአንድ ስም እንጠራለን። ዛሬ እንዳንደናገር ተፈጥሯዊውን «ፒቱታሪ» እያልኩ፥ በእርሱ ላይ የበቀለውን ብቻ «ዕጢ» እላለሁ። ዓመቶቹም፥ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒቱታሪ የሽምብራ ፍሬ ያኽላል፤ ክብደቱም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ከአንጎል ሥር፥ ከአፍንጫ በስተ ኋላ፥ «የቱርክ ኮርቻ» በሚባል የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጦ የልጅን ዕድገት፥ የእናትን ወተት፥ የወር አበባን፥ የወንድን ዘር፥ የታይሮይድንና የአድሬናልን ሥራ ያዛል። ጎረቤቶቹ ደግሞ ቀላል ጎረቤቶች አይደሉም። ከበላዩ የሁለቱ ዐይኖች ነርቮች ይሻገራሉ። በግራና በቀኙ ደም የሞላባቸው ሁለት ዋሻዎች አሉ፤ በእነርሱም ውስጥ ወደ አንጎል የሚወጣው ካሮቲድ የተባለው ትልቅ የደም ሥርና ዐይንን የሚያዘዋውሩት ነርቮች ያልፋሉ።

በዚህ በጠበበ ሰፈር ዕጢ ሲበቅል ምን ይሆናል? በአውሮፓ የተደረጉ ቈጠራዎች እንደሚያሳዩት ከ1,000 ሰዎች አንዱ ገደማ ሕመም የሚያመጣ የፒቱታሪ ዕጢ አለበት። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ «ደግ» ከተባሉት መካከል ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ ወገን በኮርቻው ውስጥ ያድጋል፤ ጎረቤቱን ቢጫን እንኳ ድንበሩን አይጥስም። ሌላው ግን እንደ ክፉ ባላገር ድንበር ይገፋል። አጥንቱን ይበላል፥ ወደ ዋሻው ይገባል፥ ካሮቲድን ይከባል። ቀዶ ሐኪሙ በአፍንጫ በኩል ገብቶ የመጀመሪያውን አጽድቶ ሊያወጣው ይችላል፤ ከሁለተኛው ግን የደም ሥሩን የከበበውን ትቶ ለመውጣት ይገደዳል። የተተወውም ተመልሶ ያድጋል። በ1993 በቪየና እነ ክኖስፕ ይህን ድንበር መግፋት በኤም አር አይ ምስል ላይ ከ0 እስከ 4 የሚለኩበትን ደረጃ አወጡ፤ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል።

አስገራሚው ነገር ይህ ነው። ከሁለቱም ዐይነት ቅንጣት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። መልካቸው አንድ፥ ጠባያቸው ሁለት። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ከመልክ ወደ ውስጥ ገብተው ጂኖችን መጠየቅ ጀመሩ።

እዚህ ላይ «የጂን መገለጥ» የሚባለውን ማስረዳት አለብኝ። በሰውነታችን ሴሎች ሁሉ ውስጥ ያለው የጂን ክምችት አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ፕሮቲን የሚያሠሩት ጂኖች ብቻ ወደ 20,000 ይጠጋሉ። ሆኖም የዐይን ሴልና የጉበት ሴል አንድ አይደሉም። ገበሬው በጎተራው ማሽላም፥ ጤፍም፥ ሽምብራም ይኖረዋል፤ የዘንድሮውን ማሳ መልክ የሚወስነው ግን በጎተራ ያለው ሳይሆን የተዘራው ነው፤ ምን ያህል እንደ ተዘራም ጭምር። ሴልም እንደዚሁ ከጎተራው አንዳንዱን ጂን ብዙ፥ አንዳንዱን ጥቂት ይዘራል፥ ሌላውን ከናካቴው ይተወዋል። የተዘራውን ለማወቅ መልእክተኛ አር ኤን ኤ የተባለው ይለካል። እንግዲህ ጥናቱ ማለት የድንበር ገፊውን ዕጢ ማሳና የድንበር አክባሪውን ማሳ ጎን ለጎን አድርጎ፥ በአንዱ የበዛው በሌላው ያነሰው ምንድን ነው ብሎ መቊጠር ነው።

እኔ ያደግሁት በጎብዬ ነው፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ። በራያ ቆላ ማሽላ የዘራ ሰው ስለ ወረራ አስተማሪ አያስፈልገውም፤ አቀንጭራን ያውቃል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ በመሬት ውስጥ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊተኛ ይችላል። የሚነቃው የማሽላው ሥር ወደ አፈሩ የሚያፈሰውን የኬሚካል ምልክት ሲያገኝ ነው። ነቅቶ ሥሩ ላይ ይጣበቃል፥ ይመጠምጣል። ገበሬው አበባውን ሲያይ ጉዳቱ ከተፈጸመ ቈይቷል። በአሜሪካ አገር በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የኢትዮጵያ ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አዳቅለው፥ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በኢትዮጵያ ለገበሬ ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ ለከተማችን ሞክሼ ነው፤ ጎብዬ ይባላል። በ2017 ደግሞ ፕሮፌሰሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአንዱን የመቋቋም ዐይነት ምስጢር አገኙ። ኤል ጂ ኤስ 1 የተባለው ጂን ሲጎድል ማሽላው የሚያፈሰው ምልክት መልኩን ይለውጣል፤ አቀንጭራውም በሚገባ አይነቃም።

ምሳሌው እስከ መጨረሻ አይሄድም። አቀንጭራ ባዕድ ነው፤ ዕጢው ግን የቤት ልጅ ነው፥ ጎተራውም የጎረቤቶቹ ጎተራ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳየናል፤ ወረራ የወራሪው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በወራሪውና በተወራሪው መካከል የሚደረግ ንግግር ነው። በዕጢዎቹ የተገኘውም ወደዚሁ ያመለክታል።

ብዙ ጊዜ ስማቸው ከሚነሣው ጥቂቱን ልጥቀስ። ኢ-ካድሄሪን የተባለው ፕሮቲን ሴልን ከሴል የሚያያይዝ ሙጫ ነው፤ በድንበር ገፊዎቹ ዘንድ ብዙ ጊዜ አንሶ ይገኛል። ሙጫው ሲሳሳ ሴሉ ከመንጋው ይለያል። ኤም ኤም ፒ 9 ደግሞ በሴሎች ዙሪያ ያለውን የኮላጅን አጥር የሚያቀልጥ ኤንዛይም ነው፤ እርሱ በድንበር ገፊዎች በዝቶ እንደ ተገኘ የገለጹ በርካታ ጥናቶች አሉ። በ1997 በሎስ አንጀለስ እነ ሜልመድ ያገኙት ፒ ቲ ቲ ጂ የተባለው ጂንም አለ፤ ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞች በሥርዓት እንዲለያዩ የሚቈጣጠር ነው፤ ሲበዛ ሥርዓቱ ይፋለሳል።

እንግዲህ ጉዳዩ አልቋል? አላለቀም። በበኩሌ እነዚህን የጂን ዝርዝሮች በጥርጣሬ ነው የማነባቸው፤ ምክንያቴን ልናገር። 20,000 ጂን ይዘን፥ ዐሥር ዕጢ ከዐሥር ዕጢ ብናወዳድርና እያንዳንዱን ጂን ከመቶ አምስት ስሕተት በሚፈቅድ ሚዛን ብንመዝን፥ በሁለቱ መካከል አንዳች እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ በዕድል ብቻ 1,000 ጂን «ተለየ» ይለናል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ይህን በሒሳብ ያርመዋል፤ ያልታረመ ዝርዝር ግን ታትሞ የሚያነበው አያጣም። ከዚህ የባሰም አለ። የፒቱታሪ ሴሎች ሦስት ታላላቅ የዘር ሐረጎች አሏቸው፤ እነርሱም ፒት 1፥ ቲፒት እና ኤስ ኤፍ 1 በተባሉ አዛዥ ፕሮቲኖች ይለያሉ። ድንበር ገፊ ብለን የሰበሰብናቸው አብዛኞቹ ከአንዱ ሐረግ፥ ድንበር አክባሪዎቹ ከሌላው ቢሆኑ፥ የምናገኘው የሐረግ ልዩነት እንጂ የወረራ ልዩነት አይደለም። የማሽላን ማሳ ከጤፍ ማሳ ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን ሁሉ በአቀንጭራ ማሳበብ ይሆናል። በ2020 በፓሪስ ሳይንቲስቶች የተመራ ጥናት 134 ዕጢዎችን በብዙ መንገድ መርምሮ ነበር፤ ዕጢዎቹም በአመዛኙ የተቧደኑት በሴል ዘራቸው ነው። በተጨማሪም ለምርመራ የሚወሰደው ቅንጣት ብዙ ጊዜ ከዕጢው መካከል ነው። ድንበሩን የሚገፉት ሴሎች ግን ያሉት ዳር ላይ ነው! ዘራፊውን ፈልጎ ቤት የቀረውን ወንድሙን እንደ መመርመር ነው።

በዘር የሚወረስ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። በ1783 የሞተ ቻርልስ በርን የተባለ አየርላንዳዊ ግዙፍ ሰው ነበር። አጽሙ ለንደን ውስጥ ተቀምጦ ኖረና በ2011 ከጥርሱ በተወሰደ ዲ ኤን ኤ ኤ አይ ፒ የተባለው ጂኑ የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ያው ብልሽት ዛሬ በሕይወት ባሉ የሰሜን አየርላንድ ቤተሰቦች ዘንድ አለ። በዚህ ጂን ብልሽት የሚመጡት ዕጢዎች በወጣትነት የሚጀምሩ፥ ትልልቅና ብዙ ጊዜ ድንበር ገፊዎች ናቸው።

አሁን ወደዚያ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እመለሳለሁ። እንበል፥ በጎብዬ አንዲት የ25 ዓመት ሴት አለች። የወር አበባዋ ቀርቷል፤ ልጅ ሳትወልድ ጡቷ ወተት ያፈሳል፤ ራሷን ያማታል። ባሏና አማቷ «መካን ናት» ይላሉ። ጠበል ትወሰዳለች፤ ምናልባትም ትፈታለች። ሁለት ሦስት ዓመት ቈይቶ በስተ ግራና በስተ ቀኝ የሚመጣውን ማየት ያቅታታል፤ በገበያ ውስጥ ከሰው ጋር ትጋጫለች። ያን ጊዜ ቤተሰቧ በሬ ሸጦ ወደ ወልድያ፥ ከዚያ ወደ ደሴ፥ ከዚያም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ያደርሳታል። የወሎ ሐኪም ቤቶች በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምን እንደ ደረሰባቸው ታውቃላችሁና መንገዱ እንዴት እንደ ረዘመ አልነግራችሁም።

የዚህች ሴት ዕጢ ድንበር ገፊ ነው ወይስ አይደለም? ለእርሷ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ሐረጉ የትኛው ነው? ፕሮላክቲን አመንጪ ከሆነ አንድ የደም ምርመራ ይጠቁማል፤ ሕክምናውም ካበርጎሊን ወይም ብሮሞክሪፕቲን የተባለ ክኒን ነው። ድንበር የገፋው እንኳ ሳይቀር ከእነዚህ ዕጢዎች አብዛኞቹ በክኒኑ ይቀንሳሉ፤ ቢላዋ ላያስፈልግም ይችላል። እንግዲህ «ጂን ምን ያደርግልናል» ላለው ወንድሜ መልሴ፥ የትኛው ጂን እንደ ተዘራ ማወቅ ክኒንን ከቢላዋ ይለያል የሚል ነው። ክኒን የቸገረው አገር ደግሞ ክኒኑ ለማን እንደሚጠቅም አጥብቆ ማወቅ አለበት።

ይህን ለማወቅም በሚሊዮን ብር የሚገዛ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ቅንጣት በፎርማሊን ተነክሮ፥ በፓራፊን ሰም ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ፥ በቀለም ፀረ እንግዳ አካል ሦስቱ አዛዥ ፕሮቲኖች የትኛው እንዳለ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ኪ-67 የተባለው አራተኛ ቀለም ከመቶ ስንት ሴል በመከፈል ላይ እንዳለ ያሳያል። በ2013 በሊዮን የተመራ ቡድን 410 ሕሙማንን ተከታትሎ፥ ድንበር መግፋቱና የሴሎቹ መብዛት ሁለቱም በአንድ ላይ ሲገኙ ዕጢው እንደሚያስቸግር፥ ድንበር መግፋት ብቻውን ግን ያን ያህል እንዳልሆነ አሳየ። ይህ ሁሉ የተገኘው በኤም አር አይና በማይክሮስኮፕ ምርመራ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ከበርገን ጋር ተባብሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ስለዚህ ዕጢው የሚወጣው እዚሁ በአገራችን፥ በወገኖቻችን እጅ ነው። ለሕክምና ተማሮች የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የሚወጣው ቅንጣት አይጣል። ከሰም ጋር የክኖስፕ ደረጃው፥ መጠኑ፥ የሆርሞኑ ልክና ከዓመት በኋላ የሕመምተኛው ሁኔታ ይጻፍ፤ ከተቻለም ከዳሩና ከመካከሉ ለየብቻ ይወሰድ። በሰም ያለ ቅንጣት ዐሥርት ዓመታት ይቈያል። እስካሁን የታተሙት የጂን ዝርዝሮች በአመዛኙ ከአውሮፓ፥ ከእስያና ከአሜሪካ ሰዎች ዕጢ የተወሰዱ ናቸው፤ የእኛ ይመሳሰል አይመሳሰል የሚታወቀው ቅንጣቱ ተጠብቆ ሲገኝ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ለእንቅርት አገር የሚሆን ነው። ታይሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲደክም ፒቱታሪ እርሱን ለማትጋት ሲጣጣር ራሱ ያብጣል፤ በምስል ላይም ዕጢ ይመስላል። ይህ እብጠት የታይሮይድ ሆርሞን በክኒን ሲሰጥ ይመለሳል። ስለዚህ ማንም ሰው አፍንጫው ተከፍቶ ከመታየቱ በፊት የታይሮይድ የደም ምርመራው ይታይ።

ጥያቄ ያለው ካለ አሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።