እኛ ያላልነው በስማችን እንዳይላክ

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች! «ድምፃችን ይሰማ» ስንል የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ያልነው እንዲሰማ፣ ሁለተኛው ያላልነው በስማችን እንዳይነገር። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጅሊሱ ምርጫ በቀበሌ ሲካሄድ «በመስጂዳችን ይሁን» ያልነውም ለዚሁ ነበር። ዛሬ የምናነሳው ነገር የኮምፒውተር ጉዳይ ቢመስልም ከዚህ ከሁለተኛው ጋር የተያያዘ ነው። የፊርማ ማሰባሰቢያው፣ የሰደቃው ሒሳብ፣ የመድረሳው ምዝገባ ሁሉ ወደ ድረ ገጽ እየገባ ነውና።

ባለሙያዎች «ክሮስ ሳይት ሪኩዌስት ፎርጀሪ» ይሉታል፤ ከሌላ ድረ ገጽ ተነስቶ በእኛ ስም የሚላክ ሐሰተኛ ትእዛዝ ማለት ነው። አሠራሩን እንመልከት። አንድ ድረ ገጽ ውስጥ በይለፍ ቃላችን ስንገባ፣ ድረ ገጹ ለብራውዘራችን ኩኪ የምትባል ትንሽ ምልክት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ብራውዘሩ ወደዚያ ድረ ገጽ በሄደ ቁጥር ምልክቷን ያሳያል። በየገጹ የይለፍ ቃል የማንጠየቀው ለዚህ ነው።

ብራውዘሩን የመስጂድ ኮሚቴ ማኅተም እንደያዘ ተላላኪ አድርገን እናስበው። ታማኝ ነው፣ ማኅተሙን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። ነገር ግን ለባንኩ የተጻፈ ደብዳቤ ማንም በእጁ ቢያስይዘው ማኅተሙን መትቶ ያደርሳል፤ «ማን ጻፈው?» ብሎ አይጠይቅም። አታላዩ የሚጠቀመው በዚህ ነው። አንድ ገጽ ያዘጋጃል፤ ላዩ ቀልድ ወይም ስለ ታሰሩ ወንድሞች የተጻፈ ዜና ሊሆን ይችላል። ውስጡ ግን ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚሄድ የተሞላ ፎርም ተደብቋል። ገጹን ስንከፍት ፎርሙ በራሱ ይላካል፣ ብራውዘሩም ኩኪውን አብሮ ይልካል። የሚቀበለው ሰርቨር ማኅተሙን ያያል፤ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። ኒያውን ግን አያይም። ሥራው የእኛ ይመስላል፣ ኒያው የሌላ ሰው ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ከይለፍ ቃል ስርቆት ጋር እናምታታዋለን። እዚህ ማንም የይለፍ ቃላችንን አልወሰደም። ስለዚህ የይለፍ ቃል ማርዘም አይጠቅምም። ስንገባ በስልክ የሚላክልን ኮድም ብቻውን አይጠቅምም፤ እኛ ቀድመን ገብተናልና።

ይህ ተራ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ዊልያም ዜለርና ኤድዋርድ ፌልተን፣ ይህን ቀዳዳ በታላላቅ ድረ ገጾች ላይ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ከእነሱ አንዱ አይኤንጂ ዳይሬክት የተባለው ባንክ ነበር፤ በቀዳዳው ከደንበኛው ሒሳብ ገንዘብ ማዘዋወር ይቻል ነበር። ዩቲዩብም በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። በገንዘብና በባለሙያ የበለጸጉት እንዲህ ከሆኑ፣ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሯቸው የእኛ ገጾች ምን ያህል መፈተሽ እንዳለባቸው መገመት አያስቸግርም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ድረ ገጹ ፎርም በሰጠ ቁጥር ማንም ሊገምተው የማይችል ምስጢራዊ ቁጥር በውስጡ ይጽፋል፤ ቶክን ይባላል። ፎርሙ ሲመለስ ቁጥሩ ከሌለበት ማኅተም ቢኖረውም ይጣላል። አታላዩ ደብዳቤ መላክ ይችላል እንጂ ድረ ገጹ ለእኛ የሰጠውን ፎርም ማንበብ አይችልም፤ ብራውዘሩ የአንዱን ድረ ገጽ ይዘት ለሌላው አያስነብብምና። ጃንጎና ላራቬል በተባሉት መሥሪያዎች የምትሠሩ ወጣቶች ይህ ጥበቃ ተዘጋጅቶ ተሰጥቷችኋል። «አስቸገረኝ» ብላችሁ እንዳታጠፉት አደራ።

ሁለተኛው መከላከያ በኩኪው ላይ የሚጻፍ «ሴም ሳይት» የሚባል ትእዛዝ ነው፤ ከሌላ ድረ ገጽ በተነሳ ጥያቄ ኩኪው እንዳይሄድ ያግዳል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ «ላክስ» የተባለውን ደረጃ፣ ሠሪው ሌላ ካልጻፈ በስተቀር፣ በራሱ ይተገብራል። ይሁንና «ላክስ» ሰው ሊንክ ነክቶ ሲሻገር ኩኪውን ያሳልፋል። ስለዚህ ሊንክ በመነካቱ ብቻ ስም የሚሰረዝበት ወይም ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ገጽ መሥራት ጨርሶ አይገባም። ለገንዘብና ለምርጫ ደግሞ ከመፈጸሙ በፊት የይለፍ ቃሉ እንደገና ይጠየቅ። ሌላ ሰው በገጻችሁ ውስጥ የራሱን ኮድ ማስገባት ከቻለ ግን ቶክኑንም ያነበዋል፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ሌላ ቀን እንመጣበታለን።

ድረ ገጽ የማንሠራው ደግሞ የሰደቃውን ሒሳብ ወይም የኮሚቴውን ገጽ ስንጨርስ መስኮቱን መዝጋት ብቻ ሳይሆን «ውጣ» የሚለውን እንንካ። ሒሳብ ያዥዎች ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ለብቻው የተለየ ብራውዘር ቢይዙና በእሱ ሌላ ምንም ባይከፍቱ መልካም ነው። በቴሌግራም የመጣ ሊንክ ሁሉ፣ የላከው የምናውቀው ወንድም ቢሆንም፣ ገንዘብ በተከፈተበት ብራውዘር አይከፈት።

የመስጂድና የመድረሳ ድረ ገጽ የያዛችሁ ወጣቶች ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ወደ መድረሳው ኑ፤ ፎርሞቹን አንድ በአንድ ከፍተን ቶክን ያለውንና የሌለውን እንለያለን፣ ኢንሻአላህ።