ተወዳዳሪ የሚያነሣውንም የሚተወውንም እንወቅ
(በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፤ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ወጣቶች፤

ዛሬ የቆምነው ለእገሌ ድምፅ ስጡ ለማለት አይደለም፤ ማኅበራችን ወገን የለውም። የምርጫ ተወዳዳሪ አንዱን ጉዳይ አንሥቶ ሌላውን ለምን እንደሚተው እንድንነጋገር ነው።

ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ያማረውን ከላይ ትደረድራለች። ገበያ ነውና አንፈርድባትም፤ ግን ከሥር ገልበጥ አድርገን እናያለን። ተወዳዳሪም እንዲሁ ነው። ሥልጣን ላይ ያለው የሠራውን መንገድና ትምህርት ቤት ይቆጥራል። ሥልጣን የሌለው የኑሮ ውድነቱንና ሥራ አጥነቱን ያነሣል። የሚደክሙበት ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ዝም ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባማ!

የ1997ቱን ምርጫ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ክርክሩ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ሲተላለፍ ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። በዚያን ጊዜ ገዥ የነበረው ኢሕአዴግ፣ መሬት ከተሸጠ ገበሬው በክፉ ቀን ሸጦ ይፈናቀላል አለ። ቅንጅት ደግሞ ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ይሁን አለ። ያው አንድ መሬት፣ አንዱ በዋስትና በኩል ያዘው፣ ሌላው በባለቤትነት በኩል። ቅንጅት የከተማውንም ሰው ብሶት አነሣ፤ ግንቦት 7 ቀን በተደረገው ምርጫም የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ። የክርክሩ ጥቅም ምን ነበር? ፊት ለፊት ሲጠያየቁ፣ አንዱ ሊያልፈው የፈለገውን ሌላው ያነሣበታል።

እኛስ? ባለፈው አንድ ተወዳዳሪ ሰፈራችን መጥቶ ስለ አገር ታላቅነት ሲናገር አጨበጨብን። ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ እሱም አላነሣ፣ እኛም አልጠየቅን። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ቤት ገባ። አልጋና እህል ስናወጣ አደርን። ያልጠየቅነው ነገር ስለሆነ፣ ቃልህን አጠፍህ ብለን የምንወቅሰው ሰው እንኳ አልነበረንም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ጽፎ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይስጥ። መጻፍ የማይችል ካለ እኛ እንጽፍለታለን። ለሚመጡት ተወዳዳሪዎች ሁሉ ያንኑ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ መልሳቸውን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። ያልመለሰውንም «አልመለሰም» ብለን እንጽፋለን።

ድምፃችን አንድ ናት፤ ጠይቀን እንስጣት።