የላፕቶፓችን ጩኸትና የጽሕፈት ቤታችን ጸጥታ

የጽሕፈት ቤቱን ሥራ የምናስተባብር አባላት በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያቀረብነው ንግግር



ዛሬ የምንናገርበት ርእስ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድርና ስለ ልጆች ትምህርት ስንነጋገር በቆየንበት መድረክ ላይ ስለ ላፕቶፕ ጩኸት ማውራት ምን ይሉታል የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ይህ ጩኸት አንዲት ታላቅ እህታችንን ከቦታዋ ሊያስነሣት ምንም አልቀረውም ነበር። ስንት እህቶችንም ጉዳያቸውን ሳይናገሩ መልሷል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ጽሕፈት ቤታችንን ታውቁታላችሁ። ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ገባ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ መሃሉ በቺፑድ ተከፍሏል። በአንደኛው ወገን ሒሳብ ያዥዋ ላፕቶፑን ይዛ ትሠራለች። በሌላው ወገን ሁለት ወንበሮች አሉ፤ አባላት ችግራቸውን ለታላቅ እህታችን የሚያወያዩት እዚያ ነው። ቺፑዱ ጣራ አይደርስም። ከወዲያ ያለው ድምፅ ሁሉ ወዲህ ይመጣል።

እዚያ ወንበር ላይ የሚነገረውን ነገር ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። የወሩን ክፍያ ያጓደለች፣ በቤቷ ሰላም ያጣች፣ የልጇ ነገር ያስጨነቃት እህት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትጀምረው። ታላቅ እህታችን «ምን አልሽ ልጄ?» ትላታለች። ደግማ ትናገራለች። «እስቲ ጮክ በይልኝ» ስትላት ደግሞ ያቺ እህት በቺፑዱ በኩል ዞር ብላ ታያለች፣ «ኧረ ምንም አይደል፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ትልና ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣለች። ይህን ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ አየን።

እኛስ ምን አልን? «ጆሮዋ ደከመ» አልን። በዕድሜ የገፋች ናትና ነገሩ እውነት መሰለን። በኮሚቴ ተቀምጠን በእሷ ቦታ ወጣት ሴት ብትተካ ይሻላል ብለን ተነጋገርን። እሷም ሰማች፤ አንድ ቃል አልመለሰችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ ማሽኑ ወዲያው ጸጥ አለ። ከቺፑዱ ወዲያ አንዲት እህት እንደ ወትሮው በለሆሳስ እየተናገረች ነበር። ታላቅ እህታችን አንድም ጊዜ «ምን አልሽ» ሳትል ጉዳዩን ከዳር እስከ ዳር ሰምታ ጨረሰች። እኛ በወዲህ በኩል እርስ በርስ ተያየን። ለካ የደከመው ጆሮዋ አልነበረም። ቀን በቀን ከአጠገቧ ሲጮህ የሚውለው ማሽን ነበር፤ እኛ ስለለመድነው አንሰማውም።

በዚያው ሳምንት ይቅርታ ጠየቅናት። «እኔም እኮ ጆሮዬ መስሎኝ ነበር» አለችን። ይህ አባባሏ ከወቀሳ በላይ ነካን።

ቀጥሎ መፍትሔ ፍለጋ ተነሣን። መጀመሪያ ያሳየንበት ሱቅ ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ አለን። ለደጋፊዎቻችን የሚላክ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሰን ነበር። ከመላካችን በፊት ግን ኮምፒውተር የምትጠግን የአንዲት አባላችን ልጅ መጥታ አየችልን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከእሷ የተማርነውንና በእጃችን ሞክረን ያረጋገጥነውን ነው። በቤታችሁ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁም የሚማሩበት ካለ፣ ይጠቅማችኋል።

በላፕቶፕ ውስጥ ሒሳቡን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚባለው ክፍል ነው። በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ይሞቃል። ያንን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ማራገቢያው ነው፤ ባለሙያዎቹ ፋን ይሉታል። ፕሮሰሰሩ በሞቀ ቁጥር ፋኑ ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥርም ይጮኻል። እንግዲህ ጩኸቱ በሽታው አይደለም፤ የበሽታው ምልክት ነው። ጀበና ሲገነፍል ከእሳቱ ላይ እናነሣዋለን እንጂ አፉን በጨርቅ አንጠቀጥቀውም። ለዚህም ነው ፋኑን በግድ ከሚያቆሙ ፕሮግራሞች መራቅ ያለብን። ማሽኑ ዝም ይላል፣ ውስጡ ግን ይቃጠላል።

የእኛ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ 5፣ 8250ዩ የሚባለው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ያገለገሉ ላፕቶፖች በሚሸጡባቸው ሱቆች ዛሬም ይገኛል። መደበኛ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርትዝ ነው። ሥራ ሲበዛበት ግን ቱርቦ በሚባል አሠራር ለጊዜው እስከ 3.4 ጊጋኸርትዝ ይዘላል። ኢንቴል ይህን አሠራር በኮር ፕሮሰሰሮቹ ላይ የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር የሚፈልገው ቮልቴጅም አብሮ ስለሚጨምር ሙቀቱ ከፍጥነቱ አልፎ ያድጋል። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በጣም የሚጮኽ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ዘገምተኛም ነው። በጩኸቱ ብርቱ ሠራተኛ ቢመስለንም እየሮጠ ሳይሆን እያለከለከ ነው።

የእኛ አገር ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሽንብራና ባቄላ ለመብሰል የሚዘገዩብን በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ጅቡቲ ውስጥ ከሚነፍሰው አየር ይልቅ እዚህ የሚነፍሰው ቀለል ያለ ነው ማለት ነው። ደግነቱ አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፤ ያም በተራው ያግዘናል።

አሁን ያደረግነውን በተራ እንንገራችሁ።

አንደኛው ማጽዳት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሦስታችን በአንድ ጊዜ አነጠስን። በግቢያችን በርበሬና ሽሮ እናዘጋጃለን፤ ቡና ስናፈላ ከሰል እናቀጣጥላለን፣ ዕጣን እናጨሳለን። ይህ ሁሉ ብናኝ ከመንገዱ አቧራ ጋር ተደምሮ በፋኑና ሙቀት በሚያስወጡት ቀጫጭን የብረት ክንፎች መካከል እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር። ልጅቷ ማሽኑን አጠፋች፣ ከሶኬት ነቀለች፣ ባትሪውንም ከውስጥ አላቀቀች። የፋኑን ክንፍ እንዳይሽከረከር በስንጥር ያዝ አድርጋ አየር በአጭር በአጭሩ ነፋችበት። በኃይል ሲነፋ ፋኑ ያለ ልክ ዞሮ ሊበላሽ ይችላል። በፕሮሰሰሩና በሙቀት ተሸካሚው ብረት መካከል ያለው ፔስትም ደርቆ ስለነበር ጠርጋ አዲስ ቀባችው። ውኃ የነካው ጨርቅ ወደ ውስጥ አይገባም። ስትከፍቱ ባትሪው አብጦ ካገኛችሁት አትጫኑት፣ አትውጉት፤ ማሽኑን መጠቀም አቁማችሁ ለባለሙያ ስጡ።

ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛው ነበር። ጠረጴዛውን ለማሳመር ያነጠፍነው ዳንቴል ማሽኑ ከሥሩ አየር የሚስብበትን ቀዳዳ ይሸፍነው ነበር። ሙቅ አየር የሚወጣበት ጎኑ ደግሞ ወደ ቺፑዱ ዞሮ ተቀምጦ ነበር። ሙቀቱ ተመልሶ ይመጣበታል፤ ድምፁም በቀጥታ ወደ ታላቅ እህታችን ይሄዳል። ዳንቴሉን አነሣን፣ የኋላውን ጫፍ በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አደረግን፣ ጠረጴዛውንም ወደ መስኮቱ አዞርን። ይህ አንድ ሳንቲም አላስወጣንም። በቤታችሁም ልጆች ላፕቶፑን በጋቢና በብርድ ልብስ ላይ እንዳያስቀምጡ ንገሯቸው።

ሦስተኛው የማሽኑን ሸክም ማቅለል ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፕሮሰሰሩን ማን እየበላው እንደሆነ እዚያ ይታያል። እኛ ያገኘነው ሒሳብ ያዥዋ የምትሠራበትን ኤክሴል አልነበረም። ተከፍተው የተረሱ የኢንተርኔት ገጾች፣ ማሽኑ ሲነሣ ሳይጠሩ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረፋድ ላይ የሚጀምር የጸረ ቫይረስ ፍተሻ ነበር። ገጾቹን ዘጋን፣ የማያስፈልጉት ፕሮግራሞች በራሳቸው እንዳይነሡ አደረግን፣ ፍተሻውን ወደ ምሳ ሰዓት አዛወርነው። ጸረ ቫይረሱን ግን አላጠፋነውም፤ የአባላት ሒሳብ ያለበት ማሽን ነው።

አራተኛው ፕሮሰሰሩን ማረጋጋት ነው። በዊንዶውስ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ የሚባል አለ። ከዚያ ወደ ዝርዝር ማስተካከያው ስትገቡ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን በመቶኛ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እሱን ከ100 ወደ 99 ስታወርዱት ቱርቦው ይቆማል። አንድ በመቶ ብቻ የተቀነሰ ይመስላል፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ አልፎ መዝለሉን ይተዋል። በአንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ይህ ማስተካከያ አይታይም። በእነሱ ላይ በሴቲንግስ ውስጥ ኃይል ቆጣቢ የሚለውን አሠራር መምረጥ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል።

«ታዲያ ሥራችን አይዘገይም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከሒሳብ ያዥዋ መጥቶ ነበር፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ደብዳቤ ለመጻፍና የቁጠባ መዝገብ ለመሙላት ልዩነቱ አይታወቅም፤ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የእኛን ጣት ነውና። የወሩን ጠቅላላ ሒሳብ ስንዘጋ ወይም ከደጋፊዎቻችን ጋር በቪዲዮ ስንሰበሰብ ግን መዘግየቱ ይታያል። ለዚህ አምስተኛውን ነገር ተስማማን፤ እሱም ሰዓት መለየት ነው። ጠዋት የምክክር ሰዓት ስለሆነ ማሽኑ በ99 ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹ ባዶ ሲሆኑ ከባዱን ሥራ በ100 እንሠራለን።

ፋን ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አሥር ዴሲቤል ሲቀነስ ጆሮ ድምፁ በግማሽ ያነሰ ሆኖ ስለሚሰማው፣ ፋኑን ትንሽ ማሳረፍ ትልቅ ጸጥታ ይሰጣል። እኛ መለኪያ የለንም። የእኛ መለኪያ ታላቅ እህታችን ናት። «ምን አልሽ» ማለቷን ትታለች።

እንዳንዋሻችሁ፣ ሁሉም ነገር አልተፈታም። የታክሲ ረዳቶች «መርካቶ! መርካቶ!» ሲሉ ዛሬም ይሰማል፤ ቺፑዱም ያው ቺፑድ ነው። ብናኙም ይመለሳል፤ ስለዚህ ላፕቶፑን በዓመት ሁለት ጊዜ ለማስጸዳት በመዝገባችን ላይ ጽፈናል። ፋኑ እየፋጨ የሚጮኽ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በዚህ ሁሉ አይድንም ነበር፤ ፋኑ ራሱ መቀየር ነበረበት።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው አለን። አዲስ ላፕቶፕ የሚጠይቀው ደብዳቤ ሳይላክ ቀርቷል። ጭራሽ ፋን የሌላቸው ማሽኖች እንዳሉ እናውቃለን፤ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው የአፕል ማክቡክ ኤር አንዱ ነው። እሱም ቢሆን ከባድ ሥራ ሲበዛበትና ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእኛ ዋነኛ ፍላጎት ግን ዛሬ ሌላ ነው፤ ቺፑዱ ጣራ እንዲደርስና በር እንዲኖረው እንፈልጋለን። እጃችሁን የምትዘረጉልን ከሆነ ለዚህ ይሁን።

ለእናንተ ለእህቶቻችን ደግሞ አንድ አደራ አለን። «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብላችሁ ከዚያ ወንበር የተነሣችሁ አላችሁ። ማን እንደሆናችሁ አንጠይቅም። ጥፋቱ የእናንተም የእሷም አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ አሁን ጸጥ ያለ ነው። ኑ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ብትናገሩም ትሰማችኋለች።