የስልክ መልእክትም ደብዳቤ ነው
(በጎጃም በረንዳ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መብት ነው። መብት ሩቅ ያለ ነገር አይደለም። በኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥም አለ።

አስቀድሜ በራሴ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። በልጅነቴ እዚሁ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ አነብ ነበር። አንድ ቀን ከጎጃም የመጣ ተሸካሚ ከቤቱ የተላከለትን ደብዳቤ ሰጠኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ደብዳቤው ስለ ዕዳ ነበር። በሬው ለዕዳው ተሸጧል ይላል። በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማ። ሳይመሽ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ሰውዬው በማግሥቱ፣ «ልጄ፣ ፊደሉን ያወቅኸው አንተ ነህ፤ ደብዳቤው ግን የኔ ነበር» አለኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እናንተ አሁን ፊደል ለይታችኋል። ደብዳቤያችሁን ሌላ ሰው አያነብላችሁም። ዳሩ ግን የዛሬው ደብዳቤ የሚመጣው በስልክ ነው። የጤፍ ዋጋ፣ የልጅ ሕመም፣ የተላከ ገንዘብ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት ይከበራል ይላል። በፖስታ የተላከ ደብዳቤም ሆነ በስልክ የተደረገ ንግግር አይደፈርም። ባለሥልጣንም ይህን ማክበር ግዴታው ነው። ገደብ ማድረግ የሚቻለው አስገዳጅ ምክንያት ሲኖር፣ ያውም በሕግ ብቻ ነው። አንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን በነፃ ስለ መግለጽ ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል።

መብት ግን ስለተጻፈ ብቻ አይጠበቅም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ዘመድ ከዘመድ፣ ነጋዴ ከገበያው ተቆራረጠ። መብቱን የማያውቅ ሰው ግን ምን እንደቀረበት እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ልጆቻችንን ምን እናስተምራቸው? እነሱ ስልክ መነካካቱን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። መብቱንና ግዴታውን ግን ማስተማር የኛ ፈንታ ነው።

አንደኛ፣ የሰው ስልክ ሳያስፈቅዱ አይከፈትም። የጓደኛን ምሥጢር ወይም ፎቶግራፍ ለሌላ መላክ ደብዳቤውን አደባባይ ላይ እንደ ማንበብ ነው።

ሁለተኛ፣ የምሥጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም። ገንዘባችን ያለው ከዚያ ቁጥር ጀርባ ነው።

ሦስተኛ፣ ያላረጋገጡት ወሬ አይተላለፍም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቅጣትም አለው።

አራተኛ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ስልክህን አምጣ» ሲባሉ፣ «በየትኛው ሕግ ነው?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። በጨዋ ደንብ ሐሳባቸውን መናገርም አይፍሩ።

ወገኖቼ፣ ያ ተሸካሚ ማንበብ ባይችልም መብቱን ያውቅ ነበር። እኛ ማንበብ ችለን መብታችንን ሳናውቅ እንዳንቀር።



የመወያያ ጥያቄዎች
1. ተሸካሚው ያዘነው ለምንድን ነው?
2. በቤታችሁ የልጆችን ስልክ እንዴት ትቆጣጠራላችሁ? የእነሱስ መብት እስከ ምን ድረስ ነው?