ከጨዋታው በኋላ



ባለፈው የሠራተኞች ስብሰባችን ግማሹን ቀን በጨዋታ አሳለፍን ብንላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ጨዋታው ስታርፓወር ይባላል፤ አሜሪካዊው ጋሪ ሸርትስ በ1969 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ነው። ተጫዋቾች ልዩ ልዩ ዋጋ ያላቸውን ጠጠሮች እየተለዋወጡ ነጥብ ይሰበስባሉ፤ እንደ ነጥባቸውም በሦስት ቡድን ይከፈላሉ። ለላይኛው ቡድን የተሻለው ጠጠር በስውር ይታደላል፤ ቆይቶም ሕግ የማውጣት ሥልጣን ይሰጠዋል።

እኛ በጠጠር ፈንታ ቆርኪ ይዘን ተጫወትን። የላይኛው ቡድን የደረሰን ሰዎች ወዲያው ለራሳችን የሚበጅ ሕግ አወጣን። ከታች ያሉት ሲያጉረመርሙ፣ «ሰነፎች ስለ ሆኑ ነው» አልን። አንዲት እኅት ቆርኪዋን ጥላ ወጣች።

ጨዋታው ሲያልቅ ተቀምጠን ተወያየን። አንድ ወንድም፣ «የተረጂዎችን ስም ዝርዝር የምናወጣውስ እንዲሁ አይደለምን?» ብሎ ጠየቀ። ለብዙ ጊዜ መልስ የሰጠው አልነበረም።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ጨዋታ በልባችን የተሰወረውን ያወጣል፤ ትምህርቱ የሚገኘው ግን ከእርሱ በኋላ በሚደረገው ውይይት ነው። በዚያ ቀን ማዘናችንም ለመለወጣችን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ከእንግዲህ ዝርዝሩ ሲወጣ ከተረጂዎቹ መካከል ሁለት መበለቶች አብረውን እንዲቀመጡ ወስነናል። ከስድስት ወር በኋላም ዝርዝሩን እንመረምራለን፤ ከዝርዝሩ የቀሩትንም ቤታቸው ሄደን እንጠይቃለን። ጨዋታው ጠቅሞን እንደ ሆነ የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።

እስከዚያው በጸሎታችሁ አስቡን። ጌታ ይርዳን።