ዲሽ ለመትከል የግድ ጣሪያ ላይ መውጣት አያሻም
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ርዕሴ የቴሌቪዥን አንቴና ነው። «ይህ ደግሞ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘው መሰላሉ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር «ሥዕሉ ጠፋ» እየተባለ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የሚወጣው አባወራና ወጣት ብዙ ነው። ለአንድ ድራማ ተብሎ ጡሩምባ መነፋት የለበትም።

ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ሞገዱ የሚመጣው ከምድር ማሠራጫ ስለነበረ፣ አንቴናው ከፍ ባለ ቁጥር ይሻል ነበር። በረጅም ባሕር ዛፍ ላይ ይታሰር የነበረውም ለዚህ ነው። ዲሽ ግን የሚቀበለው 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ ሳተላይት ነው። ታዲያ ለዚህ ርቀት የጣሪያችን ሦስት ሜትር ምን ይጨምራል? ዋናው ነገር በመካከል ግንብ ወይም ዛፍ አለመኖሩ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚታዩበት ኢትዮሳት የሚገኘው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ አቅጣጫው በታኅሣሥ ማለዳ ፀሐይ ከምትወጣበት እምብዛም አይለይም፤ ከዚያ ወደ ላይ 66 ዲግሪ ግድም ቀና ማለት ነው። ይህን ያህል ከፍ ስለሚል፣ ከዲሹ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ አጥር ከዲሹ በላይ አንድ ሜትር ተኩል ቢረዝም እንኳ አይከልለውም። እንግዲህ ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ የተተከለ አጭር ብረት ይበቃል ማለት ነው።

ስለ ምርጫው፤ ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ሳህን ከባለ 60ው ከእጥፍ በላይ ሞገድ ይሰበስባል። ከባድ ዝናብ ሞገዱን ስለሚያዳክም ትልቁ በክረምት ይሻላል። ጎረቤታሞች ደግሞ ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መውጫ ኤል ኤን ቢ ገዝተው፣ በየራሳቸው ሪሲቨር አንዱን ዲሽ ሊጋሩ ይችላሉ።

አተካከሉም እንዲህ ነው።

1ኛ/ ብረቱ ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱንቢ ማረጋገጥ። ብረቱ ከዘመመ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

2ኛ/ ገመዱን ከመሰካት በፊት ሪሲቨሩን ከኤሌክትሪክ መንቀል።

3ኛ/ ቡሎኑን ላላ አድርጎ ሳህኑን ቀስ በቀስ ማዞር። በተነካ ቁጥር ጥቂት መታገሥ ያሻል፤ ሪሲቨሩ ሞገዱን እስኪይዝ ጊዜ ይወስዳልና። የተለመደው ዲሽ ፊቱ ካዘነበለበት ከፍ አድርጎ ስለሚያይ፣ የጎነበሰ ቢመስል አያሳስታችሁ።

4ኛ/ በቴሌቪዥኑ ላይ ከሚታዩት ሁለት መስመሮች መከተል ያለብን የጥራቱን ነው። የኃይሉ መስመር ሳተላይቱ ሳይገኝም ሊሞላ ይችላል።

5ኛ/ ጥራቱ ሲገኝ ኤል ኤን ቢውን በመያዣው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ማጠማዘዝ፤ ከፍ ያለበት ላይ ሲደርስ ቡሎኑን ማጥበቅ።

6ኛ/ የገመዱን ጫፍ ውኃ እንዳይገባው በላስቲክ መጠቅለል። ክረምት ላይ «ዲሹ ዞረ» የሚባለው አንዳንዴ ዲሹ ሳይዞር ጫፉ ረጥቦ ነው።

ጣሪያ መውጣት ግድ የሚሆንበት ቤት ቢኖር እንኳ ቆርቆሮው ይድረቅ፣ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር፣ ብረቱም ከመብራት ገመድ ይራቅ። ደመና ሲጠቁርና ነጎድጓድ ሲሰማ ማንም አይውጣ።

በመጨረሻም አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከመካከላችን አቅመ ደካማ እናቶችና አባቶች አሉ፤ ባለሙያ ለመጥራትም ገንዘቡ ያጥራቸዋል። የሠፈራችን ወጣቶች ከመስቀል በኋላ ባለው ደረቅ ወቅት ቤት ለቤት ዞረው የእነዚህን አባላት ዲሽ ከጣሪያ አውርደው ግቢ ውስጥ ቢተክሉላቸው፣ ዕድሩም የሲሚንቶውን ወጪ ቢሸፍን መልካም ነው እላለሁ። ዕድር የቆመው ለቀብር ብቻ አይደለምና ጉባኤው ይምከርበት።